ኮራል ያለበት አኳሪየም ውስጥ ቮድካ የሚጨምሩት ለምንድን ነው?

ስለ ዓሣና አኳሪየም የሚያወሩ ቪዲዮዎች ስልካችሁ ላይ የሚመጡላችሁ ከሆነ ይህቺ ትዕይንት ሳታጋጥማችሁ አትቀርም። ሰውዬው ሲሪንጅ ያነሳል፣ ከጠርሙስ ትንሽ ቮድካ ይስባል፣ ከዚያ ብዙ ሺህ ዶላር ያፈሰሰበት የባሕር አኳሪየም ውስጥ ጠብ ጠብ ያደርገዋል። ዓሣዎቹ ምንም አይመስላቸውም። ኮራሎቹም ያው እንደነበሩ ናቸው።

የሁላችንም የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፤ አይሰክሩም እንዴ?

አይሰክሩም። 100 ሊትር ለሚይዝ ታንክ መጀመሪያ ላይ የሚጨመረው በቀን 0.1 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ሁለት ጠብታ ማለት ነው። ደግሞ ቮድካው የታሰበው ለዓሣዎቹ አይደለም፣ ለኮራሎቹም አይደለም። የሚጋበዙት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ዘዴው ካርበን ዶዚንግ ይባላል። በሥርዓት ከተሠራ የቆሸሸ ውሃ ያጠራል፣ ቡናማ ሆኖ የደበዘዘ ኮራል ቀለሙ እንዲመለስ ያግዛል። ካልሆነ ግን በአንድ ሌሊት ታንኩን ሙሉ ሊገድል ይችላል።

እኛን ይህን ጽሑፍ እንድንሠራ ያደረገን ግን ሌላ ነገር ነው። ሳይንቲስቶች ላብራቶሪ ውስጥ ኮራል ሲሞት ያዩት ያንኑ ካርበን፣ ማለትም ስኳር፣ ሲጨምሩበት ነው። ታዲያ አንዱ የሚያድንበት ሌላው የሚገድልበት እንዴት ሆነ? እዚያ እንደርሳለን። መጀመሪያ ከሥሩ እንጀምር።

ኮራል ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ድንጋይ ወይም ተክል ይመስለዋል። እንስሳ ነው። በአማርኛ መርጃን የሚል ስም አለው፤ ነገር ግን መርጃን ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ቀዩ ዶቃ ስለሆነ ኮራል እያልን እንቀጥል። ድንጋይ የሚመስለው ነገር እንስሳው ራሱ የገነባው አጽም ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ያው የኖራ ድንጋይ ማለት ነው። አጽሙን የሸፈነው ስስ ሥጋ ውስጥ ደግሞ ጥቃቅን አልጌዎች ይኖራሉ። እነዚህ አልጌዎች ተከራይ ናቸው በሉት። ቤት ያገኛሉ፣ ኪራዩን በምግብ ይከፍላሉ። ብርሃን ተጠቅመው ስኳር ይሠሩና አብዛኛውን ለኮራሉ ይሰጡታል። ኮራሉ ከሚያስፈልገው ኃይል እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ከእነሱ ሊያገኝ ይችላል። የኮራሉ ቀለም አንዱ ክፍልም የእነሱ ነው፤ ብዛታቸው ሲጨምር ኮራሉ ቡናማ ይሆናል፣ ሲወጡ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው በጣም ንጹሕ፣ እንደውም «ደሃ» በሚባል ውሃ ውስጥ ነው። ጤነኛ የኮራል ሪፍ ዙሪያ ያለው ውሃ ናይትሬቱ በሊትር ከአንድ ሚሊ ግራም በታች፣ ፎስፌቱ ደግሞ ከዚያም እጅግ ያነሰ ነው። ቤት ውስጥ ያለ ታንክ ግን ሌላ ዓለም ነው። ዓሣዎቹን በየቀኑ ትመግባላችሁ። የበሉት ይወጣል፣ የተረፈው ይበሰብሳል፣ አሞኒያ ይሆናል። ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። እዚያ ላይ ጉዞው ይቆማል፤ ናይትሬቱ መውጫ የለውም። ከምግቡ የሚመጣው ፎስፌትም እንዲሁ ይከማቻል።

ውጤቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጣና ላይ እምቦጭ ያደረገውን አስቡ። ውሃ ውስጥ ማዳበሪያ ሲበዛ ማዳበሪያ ወዳዱ ነገር ይፈነጫል። ታንክ ውስጥ የሚፈነጨው እንደ ፀጉር የረዘመ አረንጓዴ አልጌ ነው፤ ኮራሉን ያለብሰዋል፣ ብርሃን ይከለክለዋል። ከዚያ በላይ ደግሞ ፎስፌት ሲበዛ ኮራሉ አጽሙን እንደልቡ እንዳይገነባ ያደናቅፈዋል።

ታንክ ብቻም አይደለም። ቀይ ባሕር ጫፍ ላይ ኤላት ውስጥ ለዓመታት የዓሣ እርባታ መረቦች ባሕሩ ውስጥ ነበሩ። ከመረቦቹ የሚወጣው ምግብና ቆሻሻ የአካባቢውን ኮራል ይጎዳል የሚል ረጅም ክርክር ተነሳ፤ መንግሥት እንዲነሱ ወሰነ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ከባሕሩ ወጡ። ኤላት የሄዳችሁ አንባቢዎቻችን ከባሕሩ ዳር ሆናችሁ ያያችሁት ውሃ እንግዲህ ይህ ታሪክ አለው።

ውሃ መቀየር አይበቃም?

ይረዳል፤ ግን ሒሳቡን እዩት። ናይትሬቱ በሊትር 40 ሚሊ ግራም ደርሷል እንበል። ከውሃው 10 በመቶ ብትቀይሩ 36 ይሆናል። በሳምንቱ የምትመግቡት ምግብ መልሶ 40 ያደርሰዋል። ብዙ ኮራል አሳዳጊዎች ናይትሬቱን ከ2 እስከ 10 ባለው ውስጥ ማቆየት ይፈልጋሉ፤ ፎስፌቱን ደግሞ ከ0.03 እስከ 0.1 ባለው። ከ40 ወደ 5 በውሃ ቅያሪ ብቻ ለመውረድ በጣም ብዙ ውሃ፣ በጣም ብዙ የባሕር ጨው ያስፈልጋል። ጨው ደግሞ በነፃ አይመጣም።

እዚህ ጋ ነው ቮድካው የሚገባው።

አልፍሬድ ሬድፊልድ የሚባል አሜሪካዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1934 አንድ ነገር አስተዋለ። ባሕር ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት ሰውነት ውስጥ ካርበን፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በተቀራራቢ ምጣኔ ነው የሚገኙት። ዛሬ የሬድፊልድ ምጣኔ ተብሎ የሚጠቀሰው ቁጥር 106 ለ16 ለ1 ነው። ባክቴሪያዎች ቁጥሩ ትንሽ ይለያቸዋል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው። ሰውነት ለመሥራት ሦስቱም ያስፈልጋሉ፣ ከሁሉም በብዛት የሚያስፈልገው ግን ካርበን ነው።

አሁን ታንኩን እንደ ግንባታ ቦታ አስቡት። አሸዋና ጠጠር ግቢውን ሞልቶታል፤ ናይትሬትና ፎስፌት ናቸው። ሲሚንቶ ግን የለም። ሲሚንቶ ሲጠፋ ግንባታ እንዴት ቀጥ እንደሚል ለእኛ ሀገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ቮድካው ሲሚንቶው ነው። ባክቴሪያዎቹ በቀላሉ የሚበሉት ካርበን ሲያገኙ መራባት ይጀምራሉ፤ ሲራቡ ደግሞ ናይትሬቱንና ፎስፌቱን ከውሃው እየለቀሙ ሰውነታቸው ውስጥ ይከታሉ። ጠጅ ሲጣል እርሾው ማሩን እያገኘ እንዴት እንደሚነሳ ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም፤ ልዩነቱ እዚያ ስኳር ተበልቶ አልኮል ይወጣል፣ እዚህ አልኮሉ ራሱ ይበላል።

በዚህ ብቻ ግን አላለቀም። ባክቴሪያዎቹ እዚያው ታንክ ውስጥ ቢሞቱ የያዙትን መልሰው ይለቁታል፤ ዜሮ ድምር ነው። መውጣት አለባቸው። የሚያወጣቸው ፕሮቲን ስኪመር የሚባል መሣሪያ ነው። ሥጋ ስንቀቅል ላዩ ላይ የሚወጣውን አረፋ በጭልፋ እንገፈው የለ? ስኪመሩም እንደዚያ ነው። ውሃው ውስጥ በጣም ደቃቅ የአየር አረፋ ይለቃል፣ ቆሻሻውና ባክቴሪያው አረፋው ላይ ይጣበቃል፣ አረፋው ወደ ላይ ወጥቶ ጽዋ ውስጥ ይጠራቀማል። ጽዋውን መድፋት የባለቤቱ ፋንታ ነው። ሽታው? አለመጠየቅ ይሻላል።

አንድ ሌላ መንገድም አለ። አሸዋና ድንጋይ ውስጥ ኦክስጅን የማይደርስበት ቦታ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ካርበኑን ሲበሉ በኦክስጅን ፋንታ ናይትሬቱን ይጠቀሙበታል፤ ናይትሮጅኑ ጋዝ ሆኖ ወደ አየር ይሄዳል። ይህ የአኳሪየም ወዳጆች የፈጠሩት ነገር አይደለም። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ከመታጠቢያ ቤታችሁ የሚወጣው ፍሳሽ የሚሄድበት ብሉ ፕሌንስ የሚባለው ማጣሪያም ናይትሮጅኑን ለማስወገድ ባክቴሪያዎቹን በሜታኖል ይቀልባቸዋል። ያው ሐሳብ ነው፣ መጠኑ ብቻ ነው የሚለየው።

ቮድካ፣ ኮምጣጤ ወይስ ስኳር?

ሦስቱም ካርበን ናቸው። ቮድካ የሚመረጠው ውሃና ኤታኖል ብቻ ስለሆነ ነው፤ ጣዕም የተጨመረበት አይሆንም። ቤት ውስጥ የወጣ አረቄም አይሆንም፤ አረቄ ንቀን አይደለም፣ ጥንካሬው ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይና ሌላ ምን እንዳለበት ስለማይታወቅ ነው። ነጭ ኮምጣጤ ርካሽ ነው፤ ግን ቀጭን ነው። 40 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ሚሊ ሊትር ቮድካ ውስጥ 0.16 ግራም ገደማ ካርበን አለ፤ 5 በመቶ አሲድ ያለው አንድ ሚሊ ሊትር ኮምጣጤ ውስጥ ግን 0.02 ብቻ። ስለዚህ የአንዱን ቮድካ ሥራ ለመሥራት ስምንት እጥፍ ኮምጣጤ ይፈልጋል። ኮምጣጤ አሲድ ስለሆነ ብዙ ባንዴ ከገባ የውሃውን ፒኤች ለጊዜው ያወርዳል። ስኳርም ይሠራል። በሱቅ የተዘጋጁ ፈሳሾችና ባክቴሪያ ቀስ እያለ የሚበላቸው የፕላስቲክ መሰል ፍሬዎችም አሉ፤ ሐሳባቸው አንድ ነው።

ዋናው ነገር ግን ዓይነቱ አይደለም፣ ፍጥነቱ ነው። ከብዙ ዓመት ጀምሮ የሚሠራበት ልማድ እንዲህ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ለ100 ሊትር 0.1 ሚሊ ሊትር፣ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ 0.2፣ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ትንሽ ብቻ እየጨመሩ መለካት። ሁለት ሦስት ሳምንት ምንም ለውጥ ላይታይ ይችላል፤ ባክቴሪያው ገና እየተራባ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «አልሠራም» ብሎ መጠኑን በእጥፍ ያደርገዋል። ናይትሬቱ መውረድ ሲጀምር መጨመር ይቆማል፤ የሚፈለገው ላይ ሲደርስ ደግሞ መጠኑ ይቀነሳል።

ሲበላሽ እንዴት ይበላሻል?

የመጀመሪያው አደጋ አየር ነው። ባክቴሪያዎች ሲራቡ ኦክስጅን ይበላሉ። መጠኑ ከበዛ ውሃው እንደ አጓት ነጭ ይሆናል፤ ይህ የባክቴሪያ ጎርፍ ነው። ሌሊት ደግሞ አልጌዎቹ ኦክስጅን አይሠሩም፣ ሁሉም ተንፋሽ ነው። ጠዋት ሲነሱ ዓሣዎቹ ላይኛው ውሃ ላይ አፋቸውን ከፍተው ወይም ከዚያ በከፋ ሁኔታ ይገኛሉ። አሁን ደግሞ መብራት ጠፋ በሉ። ፓምፑ ይቆማል፣ ስኪመሩ ይቆማል፣ ባክቴሪያዎቹ ግን መብራት ኃይልን አይጠብቁም፤ መብላታቸውን ይቀጥላሉ። መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋበት ቦታ ለሚኖር ሰው፣ ባትሪ ያለው የአየር ፓምፕ ሳይኖር ይህን ዘዴ መሞከር በእኛ እምነት ቁማር ነው።

ሁለተኛው አደጋ በጣም መሳካቱ ነው። እውነታችንን ነው! ናይትሬቱም ፎስፌቱም ዜሮ ሲሆኑ ባለቤቱ ይደሰታል፤ ኮራሉ ግን ይራባል። ተከራዮቹ አልጌዎችም ትንሽ ማዳበሪያ ያስፈልጋቸዋል። ኮራሉ መጀመሪያ ይገረጣል። አልካላይኒቲ የሚባለው ልኬት ከፍ ብሎ ማዳበሪያው ዜሮ ከሆነ ደግሞ ጫፎቹ የተቃጠሉ ይመስላሉ፤ አንዳንዴ ሥጋው ከሥር ጀምሮ እየተላጠ ነጩ አጽም ይቀራል። ዲኖፍላጀሌት የሚባል ቡናማ ዝልግልግ ነገርም ብዙ ጊዜ የሚወረው እንዲህ ባዶ የቀረ ታንክን ነው፤ አሳዳጊዎች ደጋግመው ያዩት ነገር ነው።

ሦስተኛው የተዛባ ምጣኔ ነው። ከሁለቱ አንዱ ቀድሞ ካለቀ ግንባታው ይቆማል፤ ሌላው ባለበት ይቀራል። ለምሳሌ ፎስፌቱ አልቆ ናይትሬቱ ከፍ ብሎ ሊቀር ይችላል። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ ሀገር የሳውዝሀምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ናይትሮጅን በዝቶ ፎስፌት ሲጎድል ኮራሉ በሙቀትና በብርሃን በቀላሉ እንደሚነጣ አሳይተዋል። ስለዚህ «ዝቅ ያለ ሁሉ ጥሩ ነው» የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። ሁለቱንም ሳይለኩ ካርበን መጨመር ዓይንን ጨፍኖ እንደ መንዳት ነው።

ስኳሩ ለምን ገደለ?

አሁን ወደ ጀመርንበት ጥያቄ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2006 ዴቪድ ክላይን፣ ፎረስት ሮህወርና ባልደረቦቻቸው አንድ ጥናት አሳተሙ። የካሪቢያን ኮራሎችን ታንክ ውስጥ አድርገው ለአንዳንዱ ናይትሬት፣ ፎስፌት ወይም አሞኒያ ጨመሩ፣ ለአንዳንዱ ደግሞ ካርበን ያለው ስኳር። ሁሉም ሰው ገዳይ ነው የሚለው ናይትሬትና ፎስፌት ብዙ ኮራል አልገደለም። የገደለው ስኳሩ ነው። ምክንያቱን ሲፈልጉ ኮራሉን የሚሸፍነው ንፍጥ መሰል ሽፋን ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች እድገታቸው በአሥር እጥፍ ገደማ ፈጥኖ አገኙት። ሰላም ይኖሩ የነበሩ ጎረቤቶች ስኳር ሲያገኙ ቤቱን አፈረሱት ማለት ነው።

በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አልጌና ኮራልን ጎን ለጎን አስቀመጠ። መሐላቸው ባክቴሪያ እንኳ የማያሳልፍ በጣም ደቃቅ ማጣሪያ ነበረ። አልጌው ሳይነካው ኮራሉ ሞተ። ውሃው ውስጥ አንቲባዮቲክ ሲጨመር ግን አልሞተም። አልጌው የሚለቀው የሟሟ ነገር በማጣሪያው አልፎ የኮራሉን ባክቴሪያዎች ቀስቅሶ ነበር ማለት ነው። ባሕር ላይ ይህ ክፉ አዙሪት ይሆናል። ሰው አልጌ የሚበሉትን ዓሣዎች አጥምዶ ይጨርሳል፣ አልጌ ይበዛል፣ ስኳር ይለቃል፣ ባክቴሪያ ይነሳል፣ ኮራል ይሞታል፣ የሞተው ቦታ ላይ እንደገና አልጌ ይበቅላል።

እንግዲህ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? እኛ እንደተረዳነው በሁለት ነገር ላይ ነው። አንደኛ መጠኑ፤ ጠብታ ጠብታ እየተባለ የሚገባ ካርበን ኮራሉ ጋ ሳይደርስ ውሃው ውስጥ ባሉት ባክቴሪያዎች ያልቃል። ሁለተኛ መውጫው፤ ታንኩ ላይ ባክቴሪያውን ገፍፎ የሚያወጣ ስኪመር አለ፣ ባሕሩ ላይ የለም። ከዚህ ተነስተን አንድ ነገር በግልጽ እንበል፤ ካርበን የኮራል መድኃኒት አይደለም፣ ቪታሚንም አይደለም። ናይትሬቱና ፎስፌቱ ከፍ ላላሉበት ታንክ ማንም «ለኮራሉ ጤና» ብሎ ቢሸጥላችሁ አትግዙ። ከፍ ያለበትም ሰው መጀመሪያ ምግቡን ይቀንስ፣ ስኪመሩን ያጽዳ፣ ወይ በጎን ባለ ሣጥን ውስጥ ናይትሬት የሚበላ የባሕር አልጌ ያብቅል፤ አልጌው ሲያድግ ቆርጦ መጣል ነው። ቀርፋፋ ነው፣ ግን በአንድ ሌሊት አይገድልም።

ይህ ሁሉ የሀብታም መዝናኛ ብቻ መስሎ ከታያችሁ አንፈርድባችሁም፤ እኛም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎን ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2023 የጀመረው የባሕር ሙቀት የዓለምን ኮራል ለአራተኛ ጊዜ በጅምላ አንጥቷል፤ እስከ 2025 ድረስ ከዓለም የኮራል ሪፍ 84 በመቶ የሚሆነው የሚያነጣ ሙቀት ደርሶበታል። ፍሎሪዳ ላይ በ2023 በጋ የሆነው ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ባሕሩ ሲግል ሰዎች በውሃ ውስጥ ይንከባከቧቸው የነበሩትን ኮራሎች እያወጡ የብስ ላይ ወዳሉ ታንኮች አጓጓዙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች የፍሎሪዳ ሪፍን ከገነቡት ዋና ዋና ኮራሎች ሁለቱ፣ የኤልክ ቀንድና የስታግ ቀንድ የሚባሉት፣ እዚያ ሪፍ ላይ ሥራቸውን መሥራት በማይችሉበት ደረጃ ጠፍተዋል ሲሉ አሳወቁ። ከዚያ በፊትም ከ2014 ጀምሮ ሥጋቸውን የሚያላጥ በሽታ ተነስቶ ስለነበር ጤነኞቹ ተሰብስበው በተለያዩ የአሜሪካ ግዛቶች ባሉ አኳሪየሞችና የእንስሳት ማቆያዎች ተቀምጠዋል። ዛሬ ከአንዳንዶቹ ዝርያዎች ብዙው የፍሎሪዳ ዘር ያለው በመስታወት ውስጥ ነው። እነዚያን ታንኮች የሚጠብቁት ሰዎች ቮድካ ይጨምራሉ ማለታችን አይደለም። የሚታገሉት ግን ያው ናይትሬት፣ ያው ፎስፌት፣ ያው ኦክስጅን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ፍሎሪዳ አኳሪየም ውስጥ ፒላር የሚባለው ኮራል ላብራቶሪ ውስጥ ሲራባ ለመጀመሪያ ጊዜ ታይቷል፤ ባሕሩ ውስጥ የቀሩት ግን በጣም ጥቂትና የተራራቁ ስለሆኑ በራሳቸው መራባት አቅቷቸዋል።

በመጨረሻ፣ ሳትጠይቁን አትቀሩምና፤ «እኔ ቤት ያለው የወርቅ ዓሣ ውሃው ይቆሽሻል፣ ቮድካ ጠብ ባደርግለትስ?» አታድርጉ። የጨው ውሃ አይደለም፣ ስኪመር የለውም፣ ብዙ ጊዜ የአየር ፓምፕም የለውም። የሚራባው ባክቴሪያ መውጫ ስለሌለው ኦክስጅኑን ብቻ ጨርሶ ዓሣውን ያፍነዋል። በሳምንት አንዴ ሩቡን ውሃ ቀይሩለት፤ የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑን የሚያጠፋውን ጠብታ ጨምሩበት። ምግቡንም ቀንሱለት፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ በልቶ ከሚጨርሰው በላይ አትስጡት።